በአንድ ጎን ያልተቀመጡባት ጀልባ

አንድ ሰውዬ ነበረ፤ ጀልባ ሠሪ። ስሙን አልነግራችሁም። ዘመዶቹ እዚሁ መካከላችን አሉ፤ ዞራችሁ አትፈልጓቸው። አንተ ከኋላ ያለኸው፣ አንገትህን መልስ፤ ወደዚህ ስማ።

ይህ ሰው የሚኖረው ሐይቅ መካከል ባለች ደሴት ላይ ነው። ደሴቲቱ ላይ ጤና ጣቢያ የለም። ሐኪም የሚገኘው ማዶ፣ ከተማው ውስጥ ነው። እንግዲህ ሴት ምጥ ሲይዛት ምን ይደረጋል? በጀልባ ትወሰዳለች። በምን ዓይነት ጀልባ? ሆዷ ሰፊ፣ ታቿ ዝርግ በሆነች፣ በማትገለበጥ፣ ግን ደግሞ በማትሄድ ጀልባ። ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ምጥ ይዟት ሁለት ሰዓት ውሃ ላይ። እናቶች፣ እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ወንዶቹማ ብነግራቸውም አይገባቸውም።

ስለዚህ የደሴቲቱ ሰዎች ተሰብስበው፣ "እባክህ ፈጣን ጀልባ ሥራልን" አሉት። ለምን እንደፈለጓት ልብ በሉልኝ። ለውድድር አይደለም። ለጉራ አይደለም። ምጥ ለያዛት ሴት ነው።

ሠራ። ጎበዝ ነው፤ እጁን አልክድበትም። ሰፊ ሆድ ብዙ ውሃ ይገፋል፣ ጠባብ ሆድ ጥቂት ይገፋል፤ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ላሜራውን ቆረጠ፣ አጠፈ፣ በየደ። አፍንጫዋን አሾለ፣ ታቿን ክብ አድርጎ አለሰለሰ። ከወገቧ አንድ ስንዝር ቀነሰ፤ ፈጠነች። ሌላ ስንዝር ቀነሰ፤ ይበልጥ ፈጠነች። "ጎበዝ" አሉት። ሰው አንዴ ጎበዝ ከተባለ መቼ ያቆማል? ሦስተኛውንም ቀነሰ።

አንድ ማለዳ፣ ሐይቁ ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ ብቻውን መሃሏ ላይ ተቀምጦ ወደ ማዶ ነዳት። ማዶ ሰዓት ይዞ የሚጠብቅ ሰው ነበር። ያ ሰው ወደ ደሴቲቱ ስልክ ደውሎ፣ "ሠላሳ አምስት ደቂቃ" አለ። ሁለት ሰዓቱ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ሆነ። ወንዱ አጨበጨበ፣ ሴቱ እልል አለ።

እዚያ ሐይቅ ላይ ደግሞ አንድ ልማድ አለ። አዲስ ጀልባ ሰው ከመጫኗ በፊት ጉልበት በማይሞላ ውሃ ላይ ትቆማለች። ሠሪው የገዛ ቤተሰቡን ያመጣል፤ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ አማቱን ሳይቀር። ሁሉንም በአንድ ጎን ያስቀምጣቸዋል። በግራና በቀኝ አይደለም፤ በአንድ ጎን። ካልተገለበጠች ትመረቃለች። ከተገለበጠችስ? ምን ይመጣል? ልብስ ይረጥባል። አማት ትቆጣለች። ጎረቤት ሲስቅ ይውላል። በቃ፣ ሌላ ምንም የለም።

ጋሽ ጥላዬ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። ሙያውን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ ያቺን ዘገምተኛ ጀልባ የሚነዱትም እሳቸው ናቸው። መጥተው አዲሷን ጀልባ ዞረው አዩና፣ "ልጄ፣ በአንድ ጎን መቼ ነው የምታስቀምጣቸው?" አሉት።

"ጋሽ ጥላዬ፣ እሱ እኮ የድሮ ጀልባ ፈተና ነው። ይቺ ለመሮጥ ነው የተሠራችው። ስትሮጥ ቀጥ ትላለች።"

"ውስጧ ያለው ሰው ግን ይንቀሳቀሳል።"

"እንዳይንቀሳቀሱ እነግራቸዋለሁ።"

ሰማችሁ? እንዳይንቀሳቀሱ እነግራቸዋለሁ አለ። ለማን ነው የምትነግረው፣ አንተ ሰው? ምጥ ለያዛት ሴት? ይሄን ነገር ባሰብኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ለመሆኑ ለምንድን ነው እምቢ ያለው? ስላላወቀ ነው? ባያውቅማ ምን ቸገረኝ። ያውቃል። እኔን የሚያናድደኝም እሱ ነው። እግሩን ባሳረፈባት ቁጥር ወደ ቀኝ ዘመም፣ ወደ ግራ ዘመም ስትል ገላው ነግሮታል። ለዚህ አይደል ሁልጊዜ መሃሏ ላይ፣ ትንፋሹን ይዞ የሚቀመጠው? ፈተናውን የሸሸው መልሱን ስለሚያውቀው ነው።

ወር አልሞላም። ምጥ መጣ። የማን? የገዛ ልጁ፣ የእልፍነሽ። የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው። ሰዓቱ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ያ ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ነፋስ አያጣውም።

እልፍነሽ ገና እግሯን ስታስገባ ጀልባዋ ተወዛወዘች። ልጅቷ ቁጭ አለችና ጠርዙን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች። አባቷ እጇን አይቷል። አይቷል እያልኳችሁ ነው።

"አባዬ፣ በጋሽ ጥላዬ ጀልባ ብሄድስ?" አለችው።

"ሁለት ሰዓት ሙሉ? አይዞሽ፣ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ናት። ዝም ብለሽ ተቀመጪ።"

ተነሡ። እሱ፣ እሷ፣ ባሏ ደረበና አክስቷ፤ አራት ሰው። አሥር ደቂቃ እንደሄዱ ምጡ ጠናባትና ወደ ጎን ተጠማዘዘች። ደረበ ሊደግፋት ወደ እሷ ሄደ። አክስቷ ወገቧን ሊይዙላት ወደ እሷ ሄዱ። አባትየውም መሪውን ለቆ ወደ ልጁ ሄደ።

አራት ሰው፣ በአንድ ጎን።

ያ የሸሸው ፈተና መጣ። ጉልበት በማይሞላ ውሃ ላይ ሳይሆን መሬቱ በማይገኝ ውሃ ላይ መጣ። ከአራቱ ማን አጠፋ በሉኝ። ማንም አላጠፋም፤ ወደዚያ ጎን የወሰዳቸው ፍቅር ነው። ጀልባዋ ግን ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው እንጂ የሚዋደድ ሰው መሸከም አትችልም ነበር። ተገለበጠች።

ሆዷ ወደ ላይ ሆኖ ተንሳፈፈች። ሊይዟት ሞከሩ። በምኗ ይያዟት? ያ ሁሉ ሰው ያደነቀው ልስላሴ ለጣት የሚሆን ቦታ አልነበረውም። ደረበ የሞተሩን ብረት በአንድ እጁ፣ ሚስቱን በሌላው ያዘ። አክስቷ እሱን ተጠመጠሙበት። አባትየው ውሃ ውስጥ ሆኖ ልጁን ከሥር በትከሻው ወደ ላይ ይገፋታል። እሷ ታምጣለች። ሃያ አምስት ደቂቃ እንዲህ ቆዩ።

ያወጣቸው ማን ነው? ጋሽ ጥላዬ። ማንም አልጠራቸውም። ጀልባዋ ስትነሣ ዳር ቆመው አይተው ነበርና ያቺን ዘገምተኛቸውን አስነሥተው ከኋላ ተከተሉ። አንድ በአንድ ጎትተው አወጧቸው፤ ሁሉም በአንድ ጎን ነው የወጡት፤ ጀልባቸው ምንም አልሆነችም። እልፍነሽ ከተማው ሳትደርስ እዚያው፣ በጋሽ ጥላዬ ጀልባ ወለል ላይ፣ ወለደች። ሴት ልጅ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናትም ልጅም ተርፈዋል።

ጋሽ ጥላዬ አንድም ቃል አልተናገሩትም። እኔ ብሆን እናገረው ነበር።

ሰውዬው ጀልባዋን አስጎትቶ አመጣና ቆርጦ ከፈታት። ወገቧን ሁለት ስንዝር አሰፋ። ታቿን ትንሽ ዘርጋ አደረገ፣ ከሥሯ ክብደት አስቀመጠላት። ከዚያ በስንት ደቂቃ ማዶ ደረሰች? በሃምሳ። እንግዲህ አስሉት። የገዛ ልጁን ሞት አፋፍ ያደረሳት ለአሥራ አምስት ደቂቃ ነው።

ከዚያ ጉልበት በማይሞላ ውሃ ላይ አቆማትና ቤተሰቡን ጠራ። እልፍነሽ ሕፃኗን ለጎረቤት ሰጥታ መጣች። በአንድ ጎን ተቀመጡ፤ ሚስቱ፣ አማቱ፣ ደረበ፣ አክስትየዋ፣ እልፍነሽ። ጀልባዋ ዘንበል አለች፣ ቆመች። ሰውዬው ግን ጀልባዋን አያይም ነበር። ምኑን ነበር የሚያየው? የልጁን እጅ። እጇ ጠርዙ ላይ አልነበረም። ጭኗ ላይ ነበር። ይህን ጊዜ ነው ውሃው ውስጥ ቆሞ ያለቀሰው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

እናንተ ፈጣኖች ናችሁ፤ አውቃችኋለሁ። ጸሎት ላይ ፈጣን፣ አገልግሎት ላይ ፈጣን፣ ኮሚቴ ላይ ፈጣን። "ሃያ ዓመት አገልግያለሁ" ትሉኛላችሁ። በማለዳ፣ ነፋስ በሌለበት፣ ብቻውን መሃል ላይ ተቀምጦ ማን የማይፈጥን አለ? እኔ የምጠይቃችሁ ሌላ ነው። ሚስትህ "ትናንት እንግዳ ፊት የተናገርከው ልክ አልነበረም" ስትልህ ምን ትሆናለህ? ቤቱን አትገለብጠውም? አንቺስ፣ ልጅሽ "እማዬ፣ ተሳስተሻል" ሲልሽ ሦስት ቀን አታኮርፊም? ከዚያ ደግሞ ታስጠነቅቋቸዋላችሁ። እንዳይናገሩ፣ እንዳይታመሙ፣ እንዳይንቀሳቀሱ።

የሚስትህ፣ የልጅሽ ወቀሳ እኮ ጉልበት የማይሞላው ውሃ ነው። እዚያ ብትወድቁ የሚረጥበው ልብሳችሁ ነው። እግዚአብሔር ጥልቁ ሳይመጣ በፊት ይህን ትንሹን ውሃ በምሕረቱ ይሰጠናል። እኛ ግን ጎረቤት እንዳይስቅብን እንሸሸዋለን። ስንት ዓመት ነው ይህን የምነግራችሁ? ደከመኝ እኮ።

ግን ዘመዶቹ መካከላችን አሉ ብያችሁ አልነበር? አንዱ እኔ ነኝ። ሰውዬው ታላቅ ወንድሜ ነው። እልፍነሽ የወንድሜ ልጅ ናት። ያን ጸጥ ያለ ማለዳ ማዶ ሰዓት ይዤ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ደቂቃ ቆጠርኩ፣ ስልክ ደወልኩ። "በአንድ ጎን አስቀምጠሃቸዋል ወይ?" ብዬ አልጠየቅኩትም። ስናደድ የምታዩኝ በእሱ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ዛሬ ቤት ስትገቡ ስለ ፍጥነታችሁ ማንንም አትጠይቁ። አብረዋችሁ የተሳፈሩትን እዩ። ሚስትህን እያት፣ ባልሽን እዪው፣ ልጆቻችሁን እዩ። እናንተ በር ከፍታችሁ ስትገቡ እጃቸው ምን እንደሚይዝ እዩ።