ከውስጥ ብቻ የሚከፈተው በር

የከተማዋን ስም ተዉት። ጥንታዊ ከተማ ናት። መስጊዷ ከገበያዋ በፊት የተሰራ ነው፣ ገበያዋ ደግሞ ከመንገዷ በፊት የቆመ ነው። ከላይ ደጋ፣ ከታች ቆላ፣ እሷ መሃል። ከቆላ ማሽላ ይወጣል፣ ከደጋ ገብስ ይወርዳል። ሁለቱንም የሚሸከመው የጫኞች ጀርባና የሐጂ ይመር መኪና ነበር።

እኔ ኪታብ አልቀራሁም። የቀለሙንም ትምህርት ከስድስተኛ ክፍል ነው የተውኩት። ይሄን ነገር የሰማሁት ጆንያ ላይ አረፍ ባልንበት፣ ከአደም ነው። አደም ያኔ የሐጂ ይመር ጫኞች አለቃ ነበር፣ በዓይኑ ያየ ሰው ነው። ከጎደለ ከኔ ነው፣ ከሞላ ከአላህ ነው።

መኪናዋ አፍንጫዋ ረጅም ነበር። ቀለሟ ድሮ አረንጓዴ ነበር ይላሉ። ሊብሬዋ ላይ ሁለት ስም አለ፤ ይመር አበጋዝ እና ሙሄ አራጋው። ሸሪኮች ናቸው፣ ግማሽ በግማሽ። ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ መድረሳ የቀሩ፣ አንድ ገበታ የበሉ ናቸው። ይመር ይነዳል፣ ሙሄ ከጎኑ ይቀመጣል።

በሙሄ በኩል ያለው የጋቢና በር ደግሞ እጀታው የተሰበረ ነው። ከውጭ አይከፈትም። ይመር መጀመሪያ ገብቶ፣ ጎንበስ ብሎ ከውስጥ ካልከፈተለት ሙሄ አይገባም። እና ሙሄ ሁልጊዜ ውጭ ቆሞ በሩን ያንኳኳል።

«አሰላሙ አለይኩም! ባለቤቶች አላችሁ?»

«የሉም። ወጥተዋል።»

«እንግዲያ ማን ነው የሚመልስልኝ?»

«ዘበኛው።»

በየቀኑ ይቺው ናት። ያው ቀልድ፣ ያው ሳቅ። ጫኞቹ ከላይ ሆነው «ኧረ አቦ ክፈትለትና እንሂድ» ይላሉ።

አንድ ዓመት ሞተሯ ተበላሸ። ማስጠገኛ ገንዘብ የለም። ሙሄ ሚስትም ልጅም አልነበረውም፤ እናቱ ብቻ ናቸው ያሉት። «ባሕሩን ተሻግሬ ሁለት ዓመት ልስራ» አለ። «እናቴን አደራ። መኪናዋንም አደራ። በሩን ደግሞ ለማንም እንዳታስነካ። ስመጣ ራሴ ነኝ የምሰራው።»

ሄደ። ከባሕሩ ዳር አንድ መንገደኛ «ነገ እንሻገራለን ብሏል፤ ይመርን ሰላም በሉልኝ ብሏል» ብሎ መልእክት አመጣ። ከዚያ በኋላ ወሬ የለም። አንድ ዓመት፣ አምስት ዓመት፣ አስራ ዘጠኝ ዓመት።

ይመር ሞተሯን ቀስ በቀስ አስጠገኑ። ጸጉራቸው ነጣ። የሙሄን እናት እስከ መጨረሻው ጦሩ፣ በእጃቸውም ቀበሩ። ከዚያ ወዲህ የሙሄ ድርሻ ለብቻ ይቀመጥ ነበር። በሩ ግን እንደተበላሸ ቀረ።

ሁልጊዜ ጠዋት ሐጂ ይመር ቢስሚላህ ብለው ይገባሉ። ጎንበስ ይሉና ያንን በር ከፈት ያደርጉታል። ትንሽ ይቆያሉ። ይዘጉታል። ከዚያ ነው ሞተር የሚያስነሱት። አንዴ አዲስ የመጣ ጫኝ አይቶ ሳቀ። አደም በክርኑ ጎሰም አደረገውና «ዝም በል፣ የሰው ሰላት አታቋርጥ» አለው።

ቦታው ባዶ ይሄድ ነበር ማለት አይደለም። የታመመ፣ ያረገዘች፣ ጉልበት የከዳው ሽማግሌ ይሳፈርበታል። «ስንት ልክፈል?» ሲባሉ «ቦታው የሙሄ ነው፣ ለሙሄ ዱዓ አድርጉ» ይላሉ። ኪራዩ ያ ነበር።

ሐጅ የሄዱ ጊዜ እንኳ፣ አረፋ ላይ ሰው ሁሉ ስለ ወንጀሉ ሲያለቅስ እሳቸው የሰው ፊት እያዩ ዋሉ አሉ። ያን ሁሉ ሕዝብ አንድ በአንድ። ሲመለሱ ሰው ለዚያራ መጣ፣ «ምን አዩ?» ተባሉ። «ብዙ ሰው» አሉ፣ ሌላ አልጨመሩም።

እንግዲህ መኪና ብረት ነው፣ ያረጃል። አንድ ቀን ቀትር ላይ ገብስ ጭነው ከደጋ ሲወርዱ ፍሬኗ እምቢ አለ። ላይ ሰባት ጫኞች ተቀምጠዋል። ገደሉ በግራ ነው። አደም ዘሎ ወረደ፣ ድንጋይ አንስቶ እየሮጠ ከጎማው ስር ወረወረ። አንዱን ፈጭታው አለፈች። ሁለተኛው ያዛት። ሰባቱም ተረፉ። የአደም እግር ግን ጎማና ድንጋይ መሃል ገብቶ ተሰበረ።

ሐጂ ይመር ወርደው አፈር ላይ ተቀመጡ። አደም በዚያ ሕመሙ ሊያጽናናቸው ፈለገ።

«አብሽር ሐጂ። ጆንያ ልንሸከም ነው የተዋዋልነው፣ ዛሬ መኪና አሸከሙን እንጂ ሌላ ምንም የለ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

ገራዥ ወሰዷት። ሜካኒኩ ከስር ገብቶ ብዙ ቆየና እጁን እየጠረገ ወጣ። «ሐጂ፣ ይቺ ጡረታ ነው የምትፈልገው» አለ። በዚያው ሳምንት ጡሃ የሚባል የእህል ነጋዴ መጣ። አዲስ ሞዴል መኪና አለው፣ አፍንጫ የለሹን ዓይነት። ትንሽ ጨምረውለት መኪና በመኪና ሊለውጥላቸው ፈቀደ። የአሮጌዋን ሞተር ለወፍጮ ፈልጎታል። «ጁምዓ ከሰላት በኋላ እጠብቃለሁ» አለ። «ካልሆነ ሌላ ፈላጊ አለ።»

ችግሩ ሊብሬው ነው። ሁለት ስም አለው፣ ሁለት ፊርማ ይፈልጋል።

ልጃቸው ቃድር አባቱን ያከብራል፣ ግን መታገስ አልቻለም። «አባ፣ ቃዲ ጋ እንሂድ። የጠፋ ሰው ይሄን ያህል ከቆየ ሞቷል ተብሎ ይፈረድበታል። ወራሽ እንደሁ የለውም። ድርሻውን እንገዛና መኪናዋ የእኛ ትሆናለች።»

«ሞቷል የሚለው ማን ነው?»

«እርስዎ ነዎታ፣ ቃዲው ፊት።»

ሐጂ ይመር ሊብሬውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«አባ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ ቃድር። «የጠፋውን ሰው ሲጠብቁ ያሉትን ሊያጠፉ ነው።»

ይቺ ቃል ልባቸው ገባች። ሐሙስ ጠዋት ተነስተው ሄዱ።

ቃዲው ሸህ ኑርሁሴን የዕድሜ እኩያቸው ነበሩ። አደምም እግሩን በወጌሻ አሳስሮ፣ በምርኩዝ እያነከሰ መጥቶ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ቃድር በዚያ ዘመን ባሕር ተሻግሮ የተመለሰ አንድ ምስክር ይዟል።

«ምን ታውቃለህ?» አሉት ቃዲው።

«በዚያ ሳምንት ሦስት ጀልባ ወጣ። ሁለቱ ደረሱ። አንዱ አልደረሰም።»

«ሙሄ በየትኛው ነበር?»

ሰውየው አንገቱን ደፋ። «ወላሂ አላውቅም። አላህ ያውቃል።»

ቃዲው ብዕራቸውን አነሱ። «ሐጂ፣ ዘመኑ ይበቃል። እርስዎ ከማንም በላይ ያውቁታል። ልብዎ ሞቷል ብሎ ከረጋ አዎ በሉኝ። አሁኑኑ እጽፋለሁ።»

አንዲት ቃል ናት። አዎ ካሉ አዲሷ መኪና በሙሉ የእሳቸውና የልጃቸው ናት። አደም ሲነግረኝ እንዲህ አለኝ። «እግሬ አዎ በሉ ይላል። ልቤ እንዳይሉ ይላል።»

ሐጂ ይመር ቀና ብለው ቃዲውን አዩ። ከዚያ እንዲህ አሉ።

«ቃዲ፣ መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። የዛሬ አስራ ሁለት ዓመት ጁምዓ ላይ ለሙሄ፣ ሬሳው በሌለበት፣ ሰላተል ጋኢብ ተሰገደ። ታስታውሳላችሁ።»

«አስታውሳለሁ። እኔ ነኝ ያሰገድኩት።»

«ከኋላዎ የመጀመሪያው ሰፍ ላይ ቆሜ ነበር። አራቱንም ተክቢራ ብያለሁ። የልብ ሐሳቡ፣ ኒያው ግን አልነበረኝም። ሰው ሁሉ ለሟች ሲሰግድ እኔ በልቤ ‹ያ ረቢ በሰላም አግባው› እል ነበር። ሰው ፊት አስመሰልኩ። ዛሬ ደግሞ አስመስዬ ልመስክር? በአንድ ሰው ስንት ጊዜ ይዋሻል? ልቤ አልረጋም። ሞቷል አልልም።»

ቃድር ብድግ አለ። «አባ! ጫኞቹስ? አደምን አያዩትም?»

ሽማግሌው ወደ አደም እግር ዞሩ።

«አየዋለሁ ልጄ። ስለ እሱም አልዋሽም። መኪናዋን ያቆየኋት ለአማና፣ ለሙሄ አደራ ነው እያልኩ ኖርኩ። አማናስ እውነት ነው። ግን ለራሴም ነበር። ያ በር ከሄደ ማን ያንኳኳልኛል ብዬ ነው። ፍሬኗ እንደደከመ አውቅ ነበር። የኔን ናፍቆት ሰው ላይ ጫንኩት። አደም፣ አውፍ በለኝ።»

አደም ምርኩዙን ይዞ ብድግ ሊል ሞከረ። «ኧረ ሐጂ» ብቻ አለ፣ «ኧረ ሐጂ…»

ቃዲው ብዕሩን አስቀመጡ። ዓይናቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ ሳቅ አሉ።

«ሐጂ፣ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን መጥተው ቢጠይቁኝ ምን ነበረበት? የጠፋ ሰው ንብረቱ ሊበላሽ ሲል ጠባቂው ቃዲ ነው። እሱን ተክቼ እኔ እፈርማለሁ። መኪና በመኪና ይለወጣል። የሙሄ ግማሽ አዲሷ ላይ ይቀጥላል፣ የሚጨመረውም ከተቀመጠው ድርሻው ይወጣል።»

«ሞቷል ሳልል?»

«ሞቷል ሳይሉ።»

ሐጂ ይመር ያን ጊዜ አለቀሱ። መጠየቅ የፈሩት፣ ያለው መንገድ ሞቷል ብሎ ማጻፍ ብቻ መስሏቸው ነበር። ሰው አንዳንዴ መልሱን ፈርቶ ጥያቄውንም ይደብቃል።

ቃድር ግን ገና አልተዋጠለትም። «አዲሷም ላይ ግማሹ የእኛ አይደለም ማለት ነው?»

«ትላንትስ መቼ የእኛ ነበር?» አሉት አባቱ።

ጁምዓ ከሰላት በኋላ ጡሃ መጣ። ሐጂ ይመር የአሮጌዋን ነውር አንድ በአንድ ዘረዘሩለት። «ፍሬኗን እንዳታምነው። ስትሞቅ ውሃ ታፈሳለች። ካምቢዮዋ…»

«ሐጂ፣ እኔ ለወፍጮ ነው የምፈልጋት» አለ ጡሃ እየሳቀ። «ወፍጮ ቁልቁለት አይወርድም።»

«ቢሆንም ስማ» ብለው እስከ መጨረሻው ነገሩት። የበሩ ነገር ላይ ሲደርሱ ግን ድምጻቸው ቀነሰ። «ያ በር ከውስጥ ነው የሚከፈተው» አሉ። አንዴ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። አንኳኩ ማለት ይቻላል። ከዚያ ቁልፉን ሰጡት።

ቅዳሜ ጠዋት ከአዲሷ ጋር የመጀመሪያው ጉዞ ነው። ጫኞቹ ስፖንዳው ላይ ተደርድረዋል። አደም ምርኩዙን ይዞ ከታች ቆሟል፤ ሊሸኝ ነው የመጣው። ሐጂ ይመር ቢስሚላህ ብለው ገቡ። መሪውን ነካ ነካ አደረጉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው በዚያ በኩል ያለውን በር ከውስጥ ከፈቱት።

ቃድር በመስኮቱ በኩል «አባ» አለ በለሆሳስ፣ «ይሄኛው እኮ ደህና ነው። ከውጭም ይከፈታል።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

ሽማግሌው በተከፈተው በር ወደ መንገዱ እያዩ እንዲህ አሉ።

«ሁለት ሸሪኮች እስካልተካካዱ ድረስ ሦስተኛቸው አላህ ነው ሲባል ሰምተናል። እንግዲህ ከኔ የጠፋው አንዱ ሸሪኬ ነው። ሦስተኛው አልጠፋም።»

በሩን ዘጉትና ሞተር አስነሱ። ሊሸኝ የመጣው አደም ከዚያ ቀን ጀምሮ እግሩ እስኪድን ጋቢና ውስጥ እንዲቀመጥ ተነገረው። ኪራዩን ያውቀዋል። በሩን ከፍቶ ገብቶ ገና ሳይቀመጥ ለሙሄ ዱዓ ጀመረ።

ሐጂ ይመር ዛሬ የሉም፤ አላህ ይዘንላቸው። ያቺ አዲስ የነበረችውም አርጅታለች። ሊብሬዋ ላይ ግን ሙሄ አራጋው የሚለው ስም አለ። የሚነዳት ቃድር ነው። ጠዋት ጠዋት ሲገባ ምን እንደሚያደርግ አደም ነግሮኛል፣ እናንተም ታውቁታላችሁ።

እኔ ይሄን ሳስብ ራሴን አያለሁ። ሰው ሲቆይብኝ ቶሎ ነው የምቀብረው። ትቶኛል እላለሁ፣ ረስቶኛል እላለሁ። መጠበቅ ይከብዳላ፤ ከጆንያ ይከብዳል። ጆንያ እንኳ የሚወርድበት ቦታ አለው። ሐጂ ይመር ያን ሸክም እስከ መጨረሻው ተሸከሙት። ሌላ ሰው ላይ እንደጫኑት ባወቁ ቀን ግን ከሰው ላይ አውርደው ራሳቸው ብቻ ተሸከሙት። መኪናዋን ለወጡ፣ ሰውየውን አልለወጡም። ሁለቱ አንድ ነገር ይመስላቸው ነበር። አንድ አልነበረም።

መንገድ ላይ ለቀረ ሁሉ፣ ባሕር ላይም ይሁን በረሃ፣ ጎንበስ ብሎ ከውስጥ የሚከፍትለት ሰው አላህ አያሳጣው።