የደብሪቱ መሰላል

በአንድ ወቅት ከጥልቅ ሸለቆ አፋፍ ላይ ደብሪቱ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ከሦስት ልጆቿ ጋር ትኖር ነበር። የሚተዳደሩት ከገደሉ ወገብ ላይ በሰቀሏቸው የንብ ቀፎዎች ነው፤ ወደ ቀፎዎቹም በአሉሚኒየም መሰላል ይወርዳሉ። የዚያ አገር ገደል ለወራሾች አይከፋፈልም። ወላጅ በገዛ አንደበቱ ለአንድ ልጅ ይሰጠዋል፤ ሳይናገር ከሞተ ለባዕድ ይሄዳል። ደብሪቱ ገና አልተናገረችም ነበር።

ደብሪቱ የሚያብለጨልጭ ነገር ነፍሷ ነው። ሌላ ሴት ድስቷን እንደምትፈትግ፣ እሷ መሰላሉንም የማር ባልዲውንም በሎሚና በደቃቅ አሸዋ ፈትጋ መስታወት ታስመስላቸዋለች። ጎረቤት "አቤት የእቃ አያያዝ!" ሲላት ደስ ይላታል። ማን ይጠላል?

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ሰው ከማይኖርበት ከማዶው ገደል ብርሃን ብልጭ ብሎ ለመሰላሉ ብልጭታ መልስ ሰጠ። በማግስቱ ቀረብ አለ። በሦስተኛው ቀን ቀፎዎቹ ላይ አረፈ፤ ንቦቹ ይበራሉ፣ ድምፅ ግን የላቸውም። በአራተኛው ውሻው አፉን ከፍቶ ጮኸ፤ ምንም አልተሰማም። በአምስተኛው የደብሪቱ አንገት ላይ አረፈ። ልጆቿን ልትጠራ ብትል ድምጿ የለም። ፍርሃቷን እንኳ ለማን ትንገር?

ትልቁ ልጇ ይመኑ አልተደናገጠም። አፋፉ ላይ ተቀምጦ ሦስት ቀን ተመለከተ። ሲደምን ብርሃኑ አይመጣም፤ መሰላሉን በጋቢው ሲሸፍነውም አይመጣም።

"እማዬ፣ የጠራነው እኛው ነን" አላት። "የሚያየው መሰላላችንን ነው።"

ደብሪቱ ሎሚ ሎሚ የሚሸቱ እጆቿን ደበቀች። አፈረች።

ትርንጎ፣ መካከለኛዋ፣ ይህን ስትሰማ አመድ በውሃ አፍልታ አጠለለች። በዚያ በሚያቃጥል ውሃ መሰላሉንም ባልዲውንም አሸች፤ በሻካራ ድንጋይ ፈገፈገቻቸው። ብረቱ ደብዝዞ አመድ መሰለ፤ ብርሃኑም ወደ ማዶ ተመለሰ። የትርንጎ መዳፎች ግን ተላጡ፣ ጣቶቿም ከዚያ ወዲህ አልታጠፉም። የእናቷ ድምፅም አልተመለሰም።

ያልደበዘዘ አንድ የባልዲ ክዳን ቀርቶ ነበር። ታናሹ ዘገየ አንገቱ ላይ አሰረው። "ድምፅሽን ይዤልሽ እመጣለሁ" ብሎ ሸለቆውን ወረደ። ማዶ ሲወጣ ብርሃኑ ደረቱ ላይ አረፈ። እናቱ ከአፋፉ ታያለች፤ ተመለስ ማለት አትችልም። ዘገየ ዋሻ ውስጥ ገባ፤ ብርሃኑም ተከትሎት ገባ።

"ዘገየ!" ብላ ጮኸች። የራሷን ድምፅ ሰማች፤ ንቦቹንም ሰማች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ልጁ ክዳኑን ዋሻው ውስጥ ትቶ ተመለሰ። "እንኳን ደህና መጣህ፣ የኔ ጌታ!" ብላ ስታቅፈው ከንፈሩ ብቻ ተንቀሳቀሰ።

ከዚያ ወዲያ ደብሪቱ መሰንበቷን አላመነችም። ገደሉ ለማን እንደሚሆን ልትናገር ሽማግሎች አስጠራች። ዘገየ ገደል ላይ ተንጠልጥሎ "መሰላሉን ያዙልኝ" ማለት አይችልም። ትርንጎ መሰላል መጨበጥ አትችልም። ይመኑ ሙሉ ሰው ነው፤ ምንም አልጎደለበትም፤ እሱ ባያይ ግን ሁለቱም ምን እንደሚያደርጉ ባላወቁ ነበር። ሦስቱንም ትወዳቸዋለች፤ መዘዙን ያመጣችው ደግሞ እሷ ናት።

"በይ እንጂ፣ ደብሪቱ" አሏት ሽማግሎቹ።

እናንተ በእሷ አንደበት ብትናገሩ፣ የማንን ስም ትጠሩ ነበር?