የታንኳው ባለቤት

ሁለት ክልሎች በሚዋሰኑበት ሐይቅ ዳር አንድ ኃላፊ ሕዝብ ሰብስቦ፣ «ከዛሬ ጀምሮ የጀልባ ሕጋችን እዚህም ማዶም አንድ ሆኗል። ባለቤት ማለት ጀልባውን እንደ ልቡ የሚያዝዝ ነው። ባለቤትነቱን ያላስረዳ ሰው ጀልባው ይወረሳል!» አለ።

ይህን ሲናገር አንድ ዓሣ አጥማጅ ውሃ የጠጣ የደንገል ታንኳውን ሊያደርቅ ተሸክሞ፣ አንገቱ ላይ እየተንጠባጠበበት ብቅ አለ።

«አንተ! የዚህ ባለቤት ነኝ ልትል ነው?» አለው ኃላፊው።

«ኧረ እኔ ማን ሆኜ ጌታዬ! ወደ ቀኝ ስቀዝፈው ወደ ግራ ይወስደኛል። ሲረጥብ ተሸክሜ ፀሐይ አሞቀዋለሁ፤ ሲጠማዘዝ እኔው አቃናዋለሁ። እንደ ልቡ የሚያዝዘኝ እሱ ነው። በሕግዎ መሠረት የባለቤትነት ወረቀቱን በእሱ ስም ይጻፉለት። የሚወረስ ካለ ንብረቱ እኔ ነኝና ይውሰዱኝ፤ ብቻ ምሳ አልበላሁም።»