የማይጠፋው መብራት

«አንድ ሰው ነበረ፤ አገሩ ፈረንሳይ፣ ሀብቱ ወይን።»

መምህር ላቀው ለጠየቃቸው ሰው መልስ ሲሰጡ አጀማመራቸው ሁልጊዜ እንዲህ ነው። በወጣትነታቸው ለእርሻ ትምህርት ፈረንሳይ አገር ተልከው ሁለት መኸር ወይን ለቅመዋል። የሚያውቁት ክፉም ደግም ከዚያ የመጣ ይመስል፣ ስለ ጋብቻ ቢጠየቁም ስለ ጎረቤት ጠብ ቢጠየቁም ዞረው ዞረው ወይን እርሻ ይገባሉ።

የዚያን ቀን ጠያቂያቸው አለማው ነበር፣ የእንጨት ነጋዴው። በቤቱ ላይ ፎቅ ጨምሮ ሠርቷል፤ በመጪው እሁድ ስድሳ ሰው ጠርቶ ሊያስመርቀው አስቧልና መምህሩንም ሊጋብዝ መጣ። ጥሪውን አድርሶ ሲያበቃ ግን አልተነሣም። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ሲያዞር፣ ሲያዞር ቆየና ተናገረ።

«መምህር፣ ሚስቴ ፈሪ ናት። ደስታ ባለበት ሁሉ ስጋት ይዛ ትገባለች። ፎቁ ከተጀመረ ጀምሮ የታችኛው ግድግዳ ተሰነጠቀ እያለች፣ ጠዋት ጠዋት ትንሿን ጣቷን ስንጥቁ ውስጥ እየከተተች ትለካልኛለች። ግንበኛው የልስን ስንጥቅ ነው፣ ምንም የለም ብሏል። ባለፈው ሳምንት በእንግዳ ፊት ይህንኑ አንሥታ አሳፈረችኝ። ሁለተኛ ስለ ግድግዳ ብትናገሪ አንድ ቤት አንኖርም አልኳት። ከዚያ ወዲህ ዝም አለች፤ ቤቴም ሰላም ሆነ። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። በድያታለሁ እንዴ?»

መምህሩ የተናገሩት መልስ ይኸውና።

ያ የወይን ጌታ ሦስት ተዳፋት ነበረው። በአንዱ ነጩን ሻርዶኔ ይተክላል። በሁለተኛው ቀዩን ሜርሎ። ፀሐይ በሚያቃጥለው በሦስተኛው ደግሞ ሲራን፣ ቀይ ነው ቢሉትም ጥቁር ለመሆን ምንም ያልቀረውን። ወይኑን እንደ ልጅ ነበር የሚድረው። ነጩን ለዓሣ፣ ሜርሎን ለጥጃ ሥጋና ለእንጉዳይ፣ ሲራውን ቁንዶ በርበሬ ለተነሰነሰበት የበግ ጥብስ። አንድ ሰው ሲራ በዓሣ ሲጠጣ ቢያየው ከማዕድ ተነሥቶ ይሄዳል። የእኛ ጠላ ከሽሮም ከቁርጥም ጋር ተስማምቶ ያድራል፤ የእሱ ወይን ግን ዘር ይቆጥር ነበር።

ከሁሉ የሚኮራው በአፍንጫው ነው። አንድ ብርጭቆ አሽትቶ ወይኑ ከየትኛው ተዳፋት፣ ከየትኛው ዓመት እንደሆነ ይናገራል። ቤተ ሰዉ ያንን አፍንጫ ይፈራው ነበር። ወይን በሚቀመስበት ቀን ሽንኩርት አይከተፍም። ሚስቱ ሽቶ አትቀባም። ሽታ ባለው ሳሙና ታጥቦ የመጣ ሠራተኛ ከበር ይመለሳል። አንዲት ልጅ ብቻ ነበረችው፣ ሃያ ዓመት የሞላት። አፍንጫውን ወርሳለች። ተዳፋቱም፣ በርሜሉም፣ ስሙም ለእሷ ነው፤ ያለ እሷ የሚወደው ሰው የለውም ይሉ ነበር ለቃሚዎቹ።

ወይኑ የሚብላላው ከቤቱ ሥር፣ ከዓለት በተፈለፈለ ጓዳ ውስጥ ነው። ጓዳው አርባ ደረጃ ወደ ታች ያስወርዳል። አለማው፣ አያቶችህ እህል በጉድጓድ ይቀብሩ እንደነበር ታውቃለህ። ጉድጓዱ በተከፈተ ሰዓት ማንም ዘሎ አይገባም። ታፍኖ የቆየ አየር ሰው ይገድላልና። የወይን ጓዳም እንዲሁ ነው። አዲስ ወይን ያለ እሳት ይፈላል፤ ሲፈላ የሚወጣው አየር አይታይም፣ ከባድ ስለሆነም እንደ ውሃ ወለሉ ላይ ይተኛል። እዚያ ውስጥ የገባ ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ይተነፍስና ጉልበቱ ይከዳዋል። ድረሱልኝ ለማለት እንኳ ጊዜ አያገኝም።

ስለዚህ የዚያ አገር ሰዎች ልማድ አላቸው። በመኸር ወራት ጓዳ የሚወርድ ሰው የበራ ሻማ በእንጨት ጫፍ አስሮ፣ ከጉልበቱ ዝቅ አድርጎ ከፊቱ ያስቀድማል። ነበልባሉ ሲቀጥን ይቆማል። ሲጠፋ ፊቱን አዙሮ ይሮጣል። ሻማውን የሚይዙት እንዲጠፋላቸው ነው። የዚህ ጓዳ ጠባቂ አንድ ሽማግሌ ነበር። በልጅነቱ ወንድሙ ሌላ ጓዳ ውስጥ ቀርቶበታል፤ ከዚያ ወዲህ ያለ ሻማ አንድ ደረጃ ወርዶ አያውቅም። ሻማው ከበግ ሞራ የተሠራ ነው። እውነቱን ለመናገር ይሸታል።

አንድ መኸር ላይ ቃሉ የሚከበር ወይን ቀማሽ ከከተማ መጣ። ሻርዶኔውን በብርጭቆ አዙሮ አሸተተና «ግሩም ነው» አለ። ቀጥሎም ፈገግ ብሎ፣ «ጥቂት የሞራ ሽታ አለው እንጂ» አለ። በማዕዱ ዙሪያ የነበረው ሁሉ ብርጭቆውን አንሥቶ አሸተተ። አንዲት ሴት ሳቀች። ጌታው ያን ሳቅ ከሞት እኩል ቆጠረው።

በማግስቱ በቤቱ የነበረውን ሻማ በሙሉ አስለቅሞ ከጓሮ አስቀበረ። በምትኩ በመስታወት የታሸገ የባትሪ መብራት አስመጣ። ለጠባቂው እየሰጠው፣ «ይኸውልህ፤ አይጨስም፣ አይሸትም። ነፋስ ቢመጣ፣ ውሃ ቢመጣ አይጠፋም» አለው።

ሽማግሌው መብራቱን አገላብጦ አየና፣ «እኔን የሚያስፈራኝም እሱ ነው ጌታዬ፤ አለመጥፋቱ» አለ።

ጌታው ሳቀበት። በሁለተኛው ቀን ሽማግሌው ተመልሶ ለመነ፤ ጌታው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። በሦስተኛው ቀን ሲለምነው ግን ደሙ ፈላ። «አንተ ፈሪ፣ ፍርሃትህ ከሻማህ ብሶ ይሸታል። ሁለተኛ ይህን ነገር ካነሣህ ከቤቴ ትወጣለህ» አለው። ሽማግሌው መሄጃ አልነበረውም። ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ። ቤቱም ሰላም ሆነ። ሰላም የሚለውን ቃል ካንተ ነው የተዋስኩት አለማው፤ ቅድም ስትናገረው ደስ አላለኝም።

በዓመቱ መኸር ደረሰ፤ ጓዳው ውስጥ አዲሱ ወይን መፍላት ጀመረ። ከደረጃው አናት ጆሮውን ለሰጠ ሰው፣ ብዙ ሰዎች ከታች የሚንሾካሾኩ ይመስላል። አይጥ ለማደን ትወርድ የነበረችው ድመት መውረድ አቆመች። አናቱ ላይ ቁጭ ብላ ወደ ታች ታያለች፣ ጠጉሯም ይቆማል። ሽማግሌው ይህን አየ። እንዳይናገር ተከልክሏልና አልተናገረም።

የመኸሩ ግብዣ ደረሰ። ያ ቀማሽ ዘንድሮም ተጠርቷል። በቀትር ማዕዱ ተዘረጋ። ዓሣው ከሻርዶኔው ጋር ቀረበ፤ ቀማሹ አሸተተ፣ ደግሞ አሸተተ፣ ራሱን ነቀነቀ፤ እንከን አጣለት። ጌታው እንባው መጣ። ጥጃው ከሜርሎው ጋር ተበላ። የበጉ ጥብስ ሊወጣ ሲል ጌታው ልቡ ሞላና፣ ገና በመፍላት ላይ ካለው ከአዲሱ ሲራ አንድ ማንቆርቆሪያ ለእንግዶቹ ሊያስቀምስ ፈለገ። ልጁን ጠራት። «ሂጂ፣ በርሜሉን ራስሽ መርጠሽ ቅጂ። ከዛሬ ጀምሮ ወይኑ ያንቺ ነው» አላት። ሽማግሌው በዚያ ሰዓት ወጥ ቤት እንጨት እንዲያቀብል ታዝዞ ነበር። ልጅቷ በደስታ የማይጠፋውን መብራት አንሥታ ወረደች።

በጉ ቀረበ። ሰው ሁሉ ባዶ ብርጭቆውን ይዞ ይጠብቃል። «መምረጥ አቅቷት ነው» አለ ጌታው፤ እንግዶቹም ሳቁ። ጥቂት ቆየ። የበጉ ስብ ሳህኑ ላይ መርጋት ጀመረ። ጌታው ተቁነጠነጠ፤ ጥብሱ ከቀዘቀዘ ለሲራው አይሆንማ። እኔ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይኸ ነው፤ መጀመሪያ የሰጋው ለጥብሱ ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ሽው አለበት። ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ።

ከጓዳው በር ሲደርስ ሽማግሌው እዚያ ቆሟል። ጌታው ወደ ታች አየ። ከአርባው ደረጃ ግርጌ መብራቱ ወለል ብሎ በርቷል፤ ንቅንቅ አይልም።

«እፎይ፤ በርቷል እኮ» አለ ጌታው።

«መብራቱማ በርቷል ጌታዬ» አለ ሽማግሌው። «ልጅቷን ስጠራ ነው መልስ ያጣሁት።»

ጌታው ስሟን ጠራ። ደግሞ ጠራ። ከታች የወይኑ ሹክሹክታ ብቻ መጣ። ዘሎ ሊወርድ ሲል ሽማግሌው ወገቡን ጥርቅም አድርጎ ያዘው፤ ደጁ ላይ ከጣለውም በኋላ ከደረት ኪሱ ሳይቀበር ያስቀረውን የሻማ ቁራጭ አወጣ። ለኮሰው፤ በእንጨት ጫፍ አስቀድሞ ደረጃውን እየቆጠረ ወረደ። በሃያ አምስተኛው ደረጃ ነበልባሉ ቀጠነ። በሠላሳኛው ጠፋ። የቀሩትን አሥር ደረጃዎች ልጅቷ መንገዷን አጥርታ እያየች ወርዳቸዋለች።

ሽማግሌው ትንፋሹን ይዞ ተመለሰ። በሩን ሁሉ ከፈቱ፣ የአየር ማስገቢያውን ሰበሩ፣ ጠበቁ። ያ አባት ልጁ የት እንዳለች በመብራቱ እያየ፣ መሄድ ሳይችል ደጃፉ ላይ ተንበርክኮ ጠበቀ። ከዚያ የበለጠ የሚያስፈራ ነገር እኔ በዕድሜዬ አልሰማሁም። ሬሳዋን ሲያወጡ ማንቆርቆሪያው አልተሰበረም። መብራቱም በእጇ እንደበራ ነበር።

ጌታው ከዚያ በኋላ ሻማዎቹን ከጓሮ ቆፍሮ አወጣ። በአርባው ደረጃ አርባ ሻማ አቆመ፣ ቀን ከሌት ያበራቸዋል። ቤቱ በሞራ ሽታ ተሞላ። ሊወርድ የሚፈልግ ሰው ግን አልነበረም።

መምህር ላቀው እዚህ ላይ አቆሙ። አለማው አንገቱን ደፍቷል።

«እንግዲህ ጠይቀኸኛልና ልመልስልህ» አሉት። «ሚስትህ ሻማህ ናት። ሽታዋ አያስቸግርም አልልህም፤ በእንግዳ ፊት ስለ ግድግዳ መስማት ማንንም ደስ አያሰኝም። ግንበኛህ ደግሞ የማይጠፋው መብራት ነው፤ ግድግዳው ቢቆም ‹ምንም የለም› ይልሃል፣ ቢጎብጥም ‹ምንም የለም› ይልሃል። በድያታለሁ ወይ አልከኝ። በድለሃታል። ለእሱ እርቅ አለው፣ ሽማግሌም አይጠፋም። እኔን ያስፈራኝ ሌላ ነው። እስቲ ንገረኝ፣ ዝም ካለች ወዲህ ምን አደረገች?»

አለማው አሰበ። «ምንም። እንደ ወትሮዋ ነች።» ባርኔጣውን ማዞር ጀመረ፤ ከዚያም እጁ ቆመ። «የልጆቹን አልጋ ከግድግዳው ሥር አንሥታ ወደ በሩ አስጠጋችው። ምነው ብላት አልመለሰችልኝም።»

«መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት።»

መምህሩ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እንግዲያው ሻማው ሲጠፋ አይተሃል። እሁድን አትጠብቅ፤ ስድሳ ሰው በዚያ ፎቅ ላይ አታውጣ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። አሁኑኑ ሂድና ጣትህን ስንጥቁ ውስጥ አግባ። የእሷ ጣት ቀጭን ነው። ያንተ ወፍራም ጣት ከገባ፣ ይቅርታውን በኋላ ትላታለህ፤ መጀመሪያ ልጆቹን አቅፈህ ውጣ።»

አለማው የቀኝ እጁን ዘርግቶ ጣቱን አየ። ባርኔጣው ከጉልበቱ ወደቀ። መምህሩ ጎንበስ ብለው አንሥተው ቀና ሲሉ፣ እሱ በሩን ሳይዘጋ ወጥቶ ቁልቁለቱን እየሮጠ ነበር።