የፈረሱ ኮቴና ውሃው

ልጄ ረድኤት የጠየቀችኝን እስካሁን አልመለስኩላትም። ዓመቷ ስምንት ነው፤ ከእኔ ይልቅ ቶሎ ታነባለች። እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፣ ፊደሉን በጣቴ እየተከተልኩ ነው የማነበው። ባለፈው የዮናስን ታሪክ አብረን ስናነብ ቀና አለችና፣ «እማዬ፣ ሰው እኮ ዓሣ ሆድ ውስጥ ሦስት ቀን አይኖርም። ይሄ ዝም ብሎ ተረት ከሆነ፣ የጌታ መነሣትም ተረት ቢሆንስ?» አለችኝ። ወጡን ላማስል ብዬ ብድግ አልኩ። ወጥ ግን አልጣድኩም ነበር።

ጎረቤቴ አሰለፈች አራት ልጆች አሏት። አንዱ እንኳ ቢጠይቃት፣ «ተጽፏል፣ አለቀ» ትልና ሥራዋን ትቀጥላለች። እቀናባታለሁ። በቤቷ አይደለም፣ በልጆቿም አይደለም። እንዲህ ልቧ አርፎ በመኖሯ ነው።

ጭንቁ ሲበዛብኝ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። «አባ፣ መጽሐፉ ላይ ያለው ሁሉ ልክ እንደተጻፈው ካልሆነ፣ እምነታችን ይፈርሳል ወይ?» አልኳቸው። የአሰለፈችንም ነገር ሳልደብቅ ነገርኳቸው። አባ ፈገግ አሉ። «ቅናትን ካነሳሽው አይቀር፣ ቁጭ በይ» አሉኝ። እሳቸው የነገሩኝ እንዲህ ነው።

አንድ ቀናተኛ ሰው ነበረ። ሥራው እርሻ ነው። ጥቁር መሬት አለው፣ ሁለት ጥንድ በሬ አለው፣ ጎተራው ጎድሎ አያውቅም። ታናሽ ወንድሙ ግን ያለው ድንጋያማ ተዳፋትና አንዲት ምንጭ ብቻ ነበር። አባታቸው ሊሞት ሲል በሽማግሎች ፊት ተናዞ፣ «ጥቁሩ መሬትና በሬዎቹ ለትልቁ ይሁኑ። የጊዮርጊስ ፈረስ ረግጦ ያፈለቃት ምንጭ ለትንሹ ትሁን» ብሎ ነበር።

ምንጯ አጠገብ አለቱ ላይ የፈረስ ኮቴ የመሰለ ጎድጓዳ ምልክት አለ። የትልቅ ሰው ተረከዝ ብቻ ነው የሚይዘው። ውሃ የሚቀዳ ሁሉ አማትቦ፣ ቀኝ እግሩን እዚያ ላይ አሳርፎ ነው ቅሉን የሚያጠልቀው። ድሮ አባትየው ትንሹን ልጅ በትከሻው ተሸክሞ ወደ ምንጯ እየወረደ የፈረሱን ታሪክ ሲነግረው፣ ትልቁ በሬዎቹን እየነዳ ከኋላ ይሰማ ነበር። ለእሱ ነግሮት አያውቅም። እንዲያ ነበር የሚመስለው።

ያቃጠለው ይኸው ነው። ይህን ሁሉ መሬት የያዘ ሰው በአንድ ታሪክ ይቀናል ወይ ብትይ፣ ይቀናል። በየወሩ በጊዮርጊስ ቀን ሰዉ ወደ ምንጯ ሲጎርፍ፣ እሱ እርፉን እንደያዘ ቆሞ ማን እንደወረደ፣ ማን ወንድሙን እንደመረቀው ያያል። ሚስቱ ምሳ ይዛለት ስትመጣ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ዓይንህን ወደ በሬዎቹ መልስ። ትልምህ እኮ ወደ ወንድምህ ቤት ጠሟል» ትለው ነበር።

አንድ ቀን የጽዋው ማኅበር ተራ የትንሹ ሆነ። እንግዳው ጠላውን ይዞ ተቀምጦ ሳለ፣ ትንሹ የፈረሱን ታሪክ ጀመረ። በአባታቸው ድምፅ ነው የሚያወራው። አባታቸው መሃል ላይ ያስላት የነበረችውን ሳል እንኳ አልተዋትም። ትልቁ ዋንጫውን ቁጭ አደረገ።

«እኔም ፈረስ አለኝ» አለ። «አለት ሲበሳ ግን አላየሁትም።»

«ጋሼ» አለ ትንሹ፣ «ያንተ ፈረስ ጭቃ ውስጥ ገብቶ መውጣት አቅቶት በስድስት ሰው አይደል የጎተትነው?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ትልቁ ዋንጫውን ሳይጨርስ ወጣ።

በማግሥቱ ሽማግሎቹን አስቀመጠ። «አባታችን ሲናዘዝ ፈረስ የረገጣት ምንጭ ብሎ ነበር። ፈረስ አልረገጣትም። እንግዲህ አባቴ በአንድ ቃል ከዋሸ፣ በሌላው ቃሉ በምን አምነዋለሁ? ኑዛዜው ፈርሷል። ምንጯን እንካፈል» አለ።

በዚያ አገር ሰው ሲሟገት ይወራረዳል። አንዱ በማር ይላል፣ ሌላው በበቅሎ ይላል። ትንሹም ደሙ ፈላና ተነሥቶ፣ «በምንጯ እወራረድሃለሁ። ኮቴው የፈረሱ ካልሆነ እንዳለች ውሰዳት» አለ።

አንድ ሽማግሌ፣ «ተው ልጄ፣ የሚጠጣ ነገር ለውርርድ አይያዝም» አሉት።

«ኮቴው ውሸት ከሆነ እኔ ምን ቀረኝ?» አለ። ዋስ ጠራ። ነገሩ ተያዘ።

ትልቁ ኮቴውን የጠረበ ሰው ካለ ብሎ ሳያርፍ ሰነበተ። ጠይቆ ጠይቆ፣ በአራት ቀን መንገድ፣ ድሮ የወፍጮ ድንጋይ ይጠርብ የነበረ አንድ ሽማግሌ አገኘ። ዓይኑ ደክሟል። በበቅሎ ጭኖ አመጣው። የቀጠሮው ዕለት ሕዝቡ ምንጯን ከበበ። ሽማግሌው ተንበርክኮ ኮቴውን በጣቱ ዳሰሰ፣ ዙሪያውን ዳሰሰ፣ ከዚያ ራሱን ነቀነቀ።

«የኔ መሮ ነው» አለ። «እዚህ ጋ ተሸርፎብኝ ነበር። ይኸው ፈሩ አለ።»

ትንሹ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሚስቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ ልጆቿን ከዚህ ወዲያ በምን እንደምታሳድግ እያሰበች ነው።

ትልቁ እዚህ ላይ ቢያቆም ረትቶ ይሄድ ነበር። ቅናት ግን ጠግቤያለሁ አይልም። አባቱ ለትንሹ ልጁ ሲል የዋሸ መሆኑን ሰው ሁሉ እንዲሰማለት ፈለገ። «አባቴ ለማን ብሎ እንዳስጠረበህ ንገራቸው እንጂ» አለው ጠራቢውን። «ለታናሹ ልጁ አይደል?»

«ታናሹማ ያኔ አልተወለደም» አለ ሽማግሌው። «አንድ ወንድ ልጅ ነበረው። ልጁ እዚህ አለት ላይ አዳልጦት ወድቆ ግንባሩ ተፈነከተ። ከዚያ ወዲያ ውሃ ባየ ቁጥር ይጮሃል። አባቱ ጠቦት ነድቶ እኔ ዘንድ መጣ። የልጁን እግር በቃጫ ለክቶ ይዞ ነበር። ‹በዚህ ልክ ጥረብልኝ› አለኝ። ሲያልቅ ልጁን አቅፎ አመጣው፣ ‹የጊዮርጊስ ፈረስ የቆመበት ነው፣ እዚህ የቆመ አይወድቅም› አለው። ልጁም ቆመ።»

የትልቁ እጅ ሳያዘው ወደ ግንባሩ ሄደ። ፀጉሩ ሥር አንድ ጠባሳ አለ። ዕድሜውን ሁሉ የወይፈን ቀንድ የወጋው ነበር የሚመስለው።

ሽማግሎቹ፣ «ረትተሃል፤ ምንጯ ያንተ ናት» አሉት። እሱ ግን አልሰማቸውም። ትንሿ ሴት ልጁ ቅል ይዛ አለቱ ጫፍ ላይ ቆማ መውረድ ፈርታለች። ሄዶ ጎንበስ አለና እግሯን ይዞ ኮቴው ውስጥ አኖረው። ልክ ገባ።

«አባባ፣ የፈረሱ ነው?» አለችው።

«አይደለም፣ የአያትሽ ነው። ቁሚበት፣ አይጥልሽም።»

ልጅቱ ቀድታ ስትወጣ ወንድሙን ከመሬት አነሣው። ወደ ሽማግሎቹ ዞሮም፣ «ምንጯን የሰጠ አባቴ ነው፣ ፈረሱ አይደለም። ለማን እንደሰጠም ሲናዘዝ ሁላችሁም ሰምታችኋል» አለ። ወደ እርሻውም ተመለሰ። ትልሙም ቀና። ትንሹ ግን ኮቴው ለወንድሙ እንደተጠረበ ከሰማ ወዲህ ጥቂት ሳይቀና አልቀረም ይባላል።

አባ እዚህ ሲደርሱ ወደ እኔ ዞሩ።

«አየሽ ልጄ» አሉኝ፣ «ትልቁ ኮቴው ውሸት ነው ብሎ የአባቱን ቃል ሊያፈርስ ተነሣ። ትንሹ ኮቴው እውነት ነው ብሎ ምንጯን አስያዘ። ሁለቱም ያው ናቸው፤ ምንጯን በፈረስ እግር ላይ አቆሟት። መጽሐፍም እንዲሁ ነው። እግዚአብሔር አንዳንዱን ቃል በሕፃን እግር ልክ ነው ያስጠረበልን፣ እንዳንወድቅ። ዓሣው ዮናስን ውጦታል ብዬ እኔ አምናለሁ። በዓሣው ግን አልወራረድም። ፈረሱ ባይኖርም ውሃው ነበረ። ውሃው ባይኖር ኖሮ ግን መቶ ኮቴ ቢጠረብ ማን ይወርድ ነበር? ውሃው እውነት መሆን አለበት። ጌታ ተነሥቷል፤ ውሃው እሱ ነው። ሂጂ፣ ለልጅሽ ንገሪያት። በአሰለፈችም አትቅኚ፤ ያንቺም እግር ልክ ተለክቷል።»

መስቀላቸውን ተሳልሜ ወጣሁ። እስከ ደጃፌ ድረስ ልቤ ቀሎኝ ነበር። ልክ በሩን ስከፍት ግን ረድኤትን አየኋት፤ መጽሐፉን ዘርግታ ትጠብቀኛለች። ያኔ ሌላ ነገር መጣብኝ። «እማዬ፣ የቱ ነው ኮቴው፣ የቱ ነው ውሃው?» ብትለኝስ? አባ ያውቁታል፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተምረውታል። እኔ በጣቴ ነው የማነበው። ውሃውን ኮቴ ነው ብያት ብሳሳትስ? «ቆይ፣ መጣሁ» ብዬ ጓዳ ገባሁ። በግድግዳው በኩል አሰለፈች ከልጆቿ ጋር ስትስቅ ይሰማኛል።

ይህን የምታነቡ ልጅ ያሳደጋችሁ፣ እስቲ ምከሩኝ። አባትየው ለልጁ «ፈረሱ የቆመበት ነው» አለው፤ ልጁም ቆመ። ያ ልጅ አድጎ ለራሱ ልጅ «አይደለም፣ የአያትሽ ነው» አላት፤ እሷም ቆመች። የኔዋ ስምንት ዓመቷ ነው። የእግሯን ልክ በምን ልለካው? እናንተ ብትሆኑ የትኛውን ትሏት ነበር?