አሥሩ ባቄላ

ጨው ከበረሃ፣ ቡና ከወይና ደጋ እየመጣ በሚገናኝባት በአንዲት አሮጌ ከተማ፣ በግመል በሚዞር መጭመቂያ ዘይት እያወጡ የሚነግዱ ሐጂ ኢድሪስ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ።

ሩቅያ የምትባል ሴት የሐዘን ወራቷን፣ ዒዳዋን፣ እንደጨረሰች፣ ሟች ባሏ ለሁለት ልጆቹ የተወውን ብር በነጠላዋ ቋጥራ ሱቃቸው መጣች። ልጆቹ ከዚያ ሌላ የላቸውም።

«ሐጂ፣ ጓዳ ልቅበረው ወይስ ይነግዱልኛል?»

«ከቀበርሽው በየዓመቱ ከአርባው አንዱ ለድሆች ዘካ ይወጣል፤ ልጆቹም ከዚያው ይበላሉ። ሲያድጉ ባዶ ማሰሮ ያገኛሉ። ይሥራ እንጂ።»

የሐጂ ልጅ ሙዘሚል እዚያው ተቀምጦ ነበር። «አባ፣ ለኔ ይሁን! ለሲራራው ግመል ተከራይቻለሁ፤ ወደ ወደብ ለመውረድ የጎደለኝ ብር ብቻ ነው። ይኸው በእግሩ መጣ!»

ሐጂ በባቄላ ሳይቆጥሩ እሺ የማለት ልማድ አልነበራቸውም። በቅርብ ዓመታት ወደ ወደብ ለወረዱት አሥር ሲራራዎች አሥር ባቄላ ሰሌኑ ላይ ደረደሩ። ሰባቱን ወደ ልጃቸው ገፉ። «እነዚህ እጥፍ ይዘው ገቡ።» ሦስቱን ወደ ሩቅያ ገፉ። «እነዚህን ሽፍታና ውሃ ጥም በላቸው። አንድ ብር አልተመለሰም።»

ሙዘሚል በጣቱ አሰላ። «በአማካይ አሥር ብር አሥራ አራት ሆኖ ይመለሳል። መጭመቂያው ባሥር ብር በዓመት ሁለት ነው የሚያተርፈው። ባቄላው ራሱ ለኔ ፈረደ!»

«አሥሩንም ጊዜ ለሚሄድ ሰው ልክ ነህ። እነዚህ አባት የሌላቸው የቲሞች የሚሄዱት አንዴ ነው። ያቺ አንዴ ከሦስቱ ብትሆን ማን ያበላቸዋል?»

ሙዘሚል ፊቱን አዞረ። ሩቅያ ዓይኗን ከሦስቱ ባቄላ ላይ አላነሳችም።

ሐጂ የመጭመቂያቸውን ግማሽ በዚያው ብር ለየቲሞቹ ሸጡ። ራሳቸው ሻጭ ሆነው ራሳቸው ዋጋ መቁረጥ ስለከበዳቸው፣ ሌላ ዘይት ነጋዴ አስገመቱ። የተቀበሉትን ብር እዚያው ሩቅያ ፊት ለልጃቸው ሰጡት። «ሂድ። አሁን ቢጠፋ የሚጠፋው የኔ ነው።»

በበጋው መጨረሻ ሙዘሚል ብሩን እጥፍ አድርጎ በሰላም ገባ። ገበያው ሩቅያን አላስቀምጥ አላት። «ትርፉ ለሐጂ፣ ቅባቱ ላንቺ!»

ወደ ሐጂ ሱቅ ሄደች። «ሐጂ፣ ያ ብር የልጆቼ ነበር» አለች።

ሐጂ አልተቆጡም። አሥሩን ባቄላ ፊቷ ዘርግተው አሥራ አንደኛ ጨመሩ። «ይቺ የሙዘሚል ናት፤ አልሃምዱሊላህ። ሦስቱ ግን አሁንም ሦስት ናቸው፣ ልጄ።»

ቆጠረቻቸው። «ታዲያ ልጅዎን እንዴት አስችሎዎት ላኩት?» አለች።

«እሱንማ ባቄላ አይቆጥረውም። እስኪመለስ ዱዓ ሳደርግ ነው የከረምኩት።» ከዚያም ለሁለቱ ልጆች ከወደብ የመጣ ልብስ አወጡላት። «ይሄ ሀድያ፣ ስጦታዬ ነው፤ ከመጭመቂያው ትርፍ ጋር እንዳትደምሪው።»

ስትወጣ እንዲህ አሏት፦ «አላህ የሚጠይቀኝ፣ መጨረሻውን ሳላውቅ እንዴት እንደመዘንኩ ነው።»

ትርፍ ከታየ በኋላ ሁሉም ሰው አዋቂ ነው። ሐጂ ስሌቱን አልናቁም፤ እስከ ጥጉ አሰሉት። ከዚያ አማካዩ የማይመልሰውን ጥያቄ ጨመሩበት፦ ቢከስር የሚራበው ማን ነው? የሰው አማና፣ አደራ የያዘ ሁሉ ከመፈረሙ በፊት ይህን መጠየቅ አለበት።

የሩቅያ ልጆች በዘይቱ አደጉ።