ዕጣ ጣይዋ

አንድ ገበሬ አራት ልጆች ትቶ ሞተ። ሦስቱ ትዳር ይዘው ከአባታቸው ቤት ከወጡ ቆይተዋል። ደብሪቱ ግን ጠጉሯ ሽበት እስኪጀምረው ድረስ ከአባቷ ጋር ኖረች። ከልጅነቷ ጀምሮ ነገር የሚገባት ቀስ ብሎ ነው፤ ስትናገርም ቃሉ ከአፏ እስኪወጣ ጊዜ ይፈጃል። የአገሩ ሰው ደግሞ እስኪወጣ አይጠብቅም። እሷ «እ...» ስትል ሌላው ቀድሞ ይናገርላታል። ስለዚህ ብዙ ጎረቤት ድምጿን እንኳ በቅጡ አያውቀውም። ጥጥ መፍተል ትችላለች፤ ፈትሏም ቀጭንና እኩል ነው። እሳት ትፈራለች፤ አንድ ጊዜ ምድጃ ላይ ወድቃ የተቃጠለው ግራ ክንዷ ጠባሳው አልጠፋም።

ከእሳት የበለጠ የምትፈራው ሌላ ነገር ነበር። የአባቷ እህትም እንደ እሷ ያለች ሴት ነበረች። ወላጆቿ ሲሞቱ ዘመዶቿ ወሰዷት፤ እሳት እንዳትገባ፣ ገደል እንዳትገባ ብለው ጓዳ አስቀመጧትና በሩን ከውጭ ቀረቀሩት። ያበሏታል፣ ያለብሷታል፤ ማንም በክፉ አላያትም። ደብሪቱ ሕፃን ሳለች ለበዓል ወደዚያ ቤት በሄዱ ቁጥር ከጓዳው በኩል ድምፅ ትሰማ ነበር፦ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። እንግዶቹ ይበላሉ፣ ይጫወታሉ። ዓይኗ ወደ ጓዳው ሲሄድ፣ «አክስትሽ ናት፤ ተያት፣ ሲደክማት ትተወዋለች» ይሏታል። በአንድ በዓል ሲሄዱ ድምፁ አልነበረም። ማንም ስለዚያ ምንም አላለም።

የአባቷ ተዝካር ካለፈ በኋላ ታላቅ ወንድሟ ጋሻነው መዶሻና ምስማር ይዞ መጣ። በጓዳው በር ላይ አዲስ የወይራ መቀርቀሪያ መታ። ደብሪቱ እንዝርቷን እንደያዘች ቆማ አየችው። መቀርቀሪያው የተመታው በውጭ በኩል ነበር።

«ይሄ... ለ...» አለች።

«ለእህል ነው» አላት፣ ፊቷን ሳያይ።

ጓዳው ውስጥ እህል አልነበረም። የነበረው የእሷ መደብ፣ ቁርበቷና የጥጥ ቅርጫቷ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው በር በገፋ ቁጥር ትደነግጣለች። የሚያንኳኳ የሌለ ሲሆን እንኳ ታዳምጣለች፤ ድምፁ ከራሷ ደረት የሚመጣ እስኪመስላት ድረስ።

ውርሱ የሚከፈልበት ቀን ደረሰ። ሽማግሌዎች ግቢው ውስጥ ተቀመጡ፤ የጎረቤት ሰውም ተሰበሰበ። ሦስት ጠፍጣፋ ድንጋዮች በተርታ ተቀመጡ። አንዱ ቤቱና ጓሮው ነው፤ አንዱ ከብቱ፤ ሦስተኛው የመስኖ መሬቱ።

«ቤቱ የደረሰው ደብሪቱንም ይይዛል» ተባለ።

«እንግዲህ ከነኮርቻዋ እንደምትሸጥ በቅሎ አደረግናት» አለ ትንሹ ወንድሟ ቢሻው። ሰዉ ሳቀ። ደብሪቱ በሩ ሥር ቆማ ነበርና ሰማች። ሦስቱም ቤቱ እንዲደርሳቸው ይፈልጋሉ፤ እሷ እንድትደርሳቸው ግን አይፈልጉም። ቤቱ ለማንም ይድረስ፣ መቀርቀሪያው እዚያው ነው።

በዚያ አገር ደንብ ዕጣ የሚጥለው የትኛው ዕጣ የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ነው። አላፊ መንገደኛ ይጠራል፤ እሱ ሲጠፋ ነፍስ ያላወቀ ሕፃን ይመጣል። ያን ቀን መንገደኛ አልተገኘም።

«ምን አደከመን? ደብሪቱ ትጣለው» አለች እህቷ ትርንጎ። «እሷ ምን ታውቃለች?»

ሁሉም ተስማማ። እንዲህ አድርገው ስላሰቡም ዕጣቸውን ሲያነሱ ከእሷ አልተሸሸጉም። ጋሻነው የሸክላ ገል አነሳ፤ ትርንጎ ጭራሮ ሰበረች፤ ቢሻው የፍየል በጠጥ ለቀመ። የሽማግሌዎቹ የበላይ አባ ደርሶ ሦስቱንም ተቀብለው መዳፏ ላይ አስቀመጡላት።

«በየድንጋዩ አንዳንድ አድርጊ፣ ልጄ።»

ደብሪቱ ወደ ድንጋዮቹ ሄደች። ቤቱ ተብሎ በተቀመጠው ድንጋይ ፊት ቆመች። ገሉን ብታስቀምጥ ጋሻነው ይቀረቅርባታል። ጭራሮውን ብታስቀምጥ ትርንጎ። በጠጡን ብታስቀምጥ ቢሻው፣ እየሳቀ። ብዙ ቆየች። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። አንዱ «ኧረ ሥራ አለብን!» አለ።

ያኔ ነጠላዋ ጫፍ ላይ የተጣበቀ ፈትል አገኘች። በጠሰችው። ጎንበስ ብላ ቤቱ በተባለው ድንጋይ ላይ አኖረችው፤ ነፋስ እንዳይወስደውም ጠጠር ጫነችበት። ከዚያ ቀና ስትል መዳፏ ላይ ሦስት ዕጣ፣ ከፊቷ ሁለት ድንጋይ ቀረ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚደረግ አላወቀችም። ዕጣዎቹን እንደያዘች ቆመች።

«ዕጣው ተበላሸ!» ብሎ ጋሻነው ተነሣ። «ሌላ ሰው ይጣልልን!»

«ምን አበላሸው?» አሉ አባ ደርሶ።

«ታውቃለቻ! ገሉን ሳነሳ ዓይኗን ተክላ ስታየኝ ነበር። የማን የማን እንደሆነ ታውቃለች!»

አባ ደርሶ ወደ ደብሪቱ ዞሩ። «ይሄ ፈትል የማን ነው?»

«አባ ደርሶ፣ እሷ እኮ...» ብላ ትርንጎ ጀመረች።

ሽማግሌው ከዘራቸውን አነሱ። «አንቺን አልጠየቅሁም።»

ጠበቁ። ሰዉ ተቁነጠነጠ። አንዱ አስነጠሰ፤ አንዲት ዶሮ በመካከል አለፈች። ሽማግሌው አሁንም ጠበቁ። የደብሪቱ ከንፈር ሁለት ሦስቴ ተከፍቶ ተዘጋ።

«የኔ» አለች። ቀጥላም በጣቷ እያሳየች፣ «ገሉ... የጋሻነው። ጭራሮው የትርንጎ። ይሄ... የቢሻው» አለች።

አባ ደርሶ ወደ ሦስቱ ዞሩ። «አታውቅም ብላችሁ ዕጣ ጣይ አደረጋችኋት» አሉ። «አሁን ደግሞ ታውቃለች ብላችሁ ዕጣውን አፈረሳችሁት። የምታውቅ ከሆነች ዕጣ ጣይ አይደለችም። እንግዲህ ምንድን ናት?»

ራሳቸው መለሱት።

«የአባቷ ልጅ ናት። ወራሽ ናት። ባታውቅም ኖሮ ያው ልጁ ነበረች። ይህን ሳንል ሦስት ድንጋይ ብቻ ስናስቀምጥ እኔም እዚሁ ተቀምጬ ነበር።»

ትርንጎ አለቀሰች። ልቅሶዋ የውሸት አልነበረም። «እሳቱስ? ክንዷን እዩት! ብቻዋን ተቃጥላ ስትገኝ ማን ሊጠየቅ ነው?»

ጥያቄው ተገቢ ነበርና ሽማግሌው አላናናቁትም። ግን መልሱን ከትርንጎ አልፈለጉም።

«ደብሪቱ፣ ምን ያስፈራሻል?»

«እሳት» አለች። ቆየች። «ገበያ። ሰው ሲበዛ።» ከዚያ ከሁሉም የረዘመ ዝምታ ሆነ። «በር። ከውጭ... ሲዘጋ።»

«እሳቱን ማን ያንድድልሽ?»

«ትርንጎ። ጋሻነው ይጮሃል።»

ሰዉ ሳቀ፤ ይህኛው ሳቅ ግን የበቅሎዋ ዓይነት አልነበረም።

«ገበያ ማን ያድርስሽ?»

«ቢሻው። ጥጡን ግን... እኔ እመርጣለሁ።»

«ጋሻነውስ?»

ደብሪቱ ወንድሟን አየችው። «መቀርቀሪያውን ይንቀለው» አለች። «ትልቁ በር ላይ... በውስጥ በኩል ይምታው።»

ቤቱና ጓሮው የደብሪቱ ድርሻ ሆነ፤ ከብቱና መሬቱ ለሦስቱ ተከፈለ። ጋሻነው መቀርቀሪያውን ነቅሎ በተባለው ቦታ መታው። ደብሪቱ በሯን ቀርቅራ ስትተኛ ግን እሱ እሳቱን እያሰበ እንቅልፍ አይወስደውም። እሷም በመጀመሪያው ሰሞን ዝናቡ ጣራውን በመታ ቁጥር ትነቃለች። ፍርሃቱ አልጠፋም።

በክረምቱ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጋሻነው ከእርሻው ቀና ሲል ከእህቱ ጣራ ጥቁር ጭስ ሲወጣ አየ። ሞፈሩን ጥሎ ሮጠ። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። በርግጫ ሊገነጥለው እግሩን አነሳ። የአክስቱ ጓዳ ትዝ አለውና ለአንድ አፍታ እግሩ አየር ላይ ቀረ። አወረደውና አንኳኳ፦ ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

መልስ የለም። እግሩን እንደገና ሊያነሳ ሲል ከውስጥ፣

«ማ... ነው?»

«እኔ ነኝ! ጋሻነው!»

«ምን... ፈለግህ?»

«ጭስ አየሁ! ደህና ነሽ ወይ?»

«ትርንጎ አንድዳልኝ ሄደች። ወጡ... አረረ።»

ጋሻነው በሩ ላይ ግንባሩን አሳረፈ። «ልግባ?»

አሰበች። አሳቧን እስክትጨርስ ጠበቃት።

«ግባ» አለችና መቀርቀሪያውን ሳበች።

ወገኖቼ፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ልጆቻችንን፣ እህት ወንድሞቻችንን የምንቆልፍባቸው ጠልተናቸው አይደለም። ብዙውን ጊዜ ፈርተን ነው። ፍርሃታችንም መነሻ አለው፤ እሳቱም ገደሉም እውነት ነው። ነገር ግን እነሱን የሚያስፈራቸው ምን እንደሆነ ጠይቀን መልሱን ለመጠበቅ የታገሥን ስንቶቻችን ነን? እርዳታ ማለት እሳቱን ማንደድ፣ ገበያ ማድረስ፣ ተጠርቶ መድረስ ነው። ስለ ሰው ኑሮ ያለ ሰውየው ዕጣ መጣል እርዳታ አይደለም።

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። ማንኳኳቱ የሚሰማው ከየት በኩል ነው፦ ከውጭ ነው ወይስ ከውስጥ?